ቀለሙን ብቻ ነው የቀባሁት

ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ ሎጊያ ላይ የአንድ ክላሽ ሰደፍ ቀለም ቀባሁ። ከመሣሪያ ጋር የተያያዘ ነገር በእጄ ስነካ የመጀመሪያዬ ነበር። የተመረቅኩት በኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው፤ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመጻፍ ነው። ባደግኩበት የአዲስ አበባ ሰፈር ጠመንጃ ማለት የባንክ ጥበቃ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል፣ ሲያልፉ ዞር ብለው የማያዩት ነገር ነው። እጄ ላይ የቀረው ቀለም በሁለት ቀን ለቀቀ፤ ጥያቄው ግን እስካሁን አለቀቀኝም። ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድን ነገር ያሳመረ ሰው ያ ነገር ለሚያደርሰው ጉዳት ይጠየቃል ወይ?

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊትም አንድ ጊዜ ተጠይቄ ነበር። በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሼ አልፌዋለሁ። እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

ወደ ሰመራ የሄድኩት ለሥራ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ ሥርዓቱን ሊቀይር ስለነበር ሰርቨር ለመትከልና ሠራተኞች ለማሠልጠን አሥር ቀን ተመደበልኝ። የዩኒቨርሲቲ የዶርም ጓደኛዬ የሎጊያ ልጅ ነው፤ "ሆቴል ብትይዝ አልምርህም" ብሎ አስፈራርቶኝ ከአዲስ አበባ አብረን ወጣን። አዳማ፣ መተሐራ፣ ከዚያ አዋሽ ሰባት ኪሎ። አዋሽን ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ አዋሽ የመንገድ ማረፊያ ሆና ቀረች፤ አሮጌው ጣቢያ ዛሬም እዚያው ነው።

አዋሽ ላይ ሻይ ስንጠጣ ሦስት ጎልማሶች አጠገባችን ተገናኙ። ሽርጥ ለብሰዋል፣ ወገባቸው ላይ ጊሌ፣ ትከሻቸው ላይ ክላሽ። ሰላምታቸው ረዘመብኝ። ጓደኛዬ "ዳጉ ነው" አለኝ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ሣር የት እንዳለ፣ ማን እንደታመመ ሳይነግር አያልፍም። የሰማኸውን ይዘህ ማለፍም፣ ያላጣራኸውን ማውራትም ነውር ነው። እኔ ግን ዓይኔ ሰደፎቹ ላይ ነበር። የአንደኛው እንጨት ነው፤ ከእጅ ላብ ብዛት ጠቁሮ ያብለጨልጫል። የሁለተኛው በቆዳ ተጠቅልሏል። የሦስተኛው ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ሰው ያልኖረበት ቤት ይመስላል።

ሰመራ ከአዲስ አበባ 580 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በጅቡቲ መንገድ ዳር ባለ ገላጣ ሜዳ ላይ የተሠራች የክልሉ ዋና ከተማ ናት። ሎጊያ ከጎኗ ናት፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ የሻይ ቤቶችና የባጃጆች ከተማ። የጓደኛዬ አባት ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሁሉም ሰው ሐጂ ይላቸዋል፣ እኔም ሐጂ አልኳቸው። በሦስተኛው ቀን ማታ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ወተት ስንጠጣ ክላሻቸውን አምጥተው ከፊቴ አስቀመጡት።

"አንተ ከማሽን ጋር የምትሠራው ልጅ ነህ አይደል? ይህን ቀለም ቀባልኝ።"

ሰደፉ ያው ጥቁር ፕላስቲክ ነው። የመጀመሪያው እንጨት ከዓመታት በፊት ተሰብሮ ነው ይህ የተገጠመለት። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር፤ በዚያ ወቅት የሎጊያ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ጥቁር ነገር ደግሞ ፀሐይን ይመጥጣል። ከብት ጥበቃ ሲውሉ ሰደፉ እጃቸውንና ትከሻቸውን ይጠብሳቸዋል። የአሸዋ ቀለም ቢቀባ ይቀዘቅዛል። ፊዚክሱ ትክክል ነው፤ እምቢ የምልበት ምክንያት አልታየኝም።

ሕጉንም አሰብኩ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ሐጂ ፈቃዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ከቁርኣናቸው አጠገብ ያስቀምጡታል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር ነው። እንጨቱ ወጥቶ ፕላስቲክ ሲገባ ቁጥሩ አልተለወጠም፤ ቀለም ሲቀባም አይለወጥም። ታዲያ ቀለም ምንድን ነው? ምንም።

በማግስቱ ጓደኛዬ ካዝናውን ነቀለ፣ አቀባብሎ ባዶ መሆኑን ለአባቱም ለእኔም አሳየ። ሁለቱን ብሎን ፈታና ሰደፉን ብቻ ሰጠኝ። ብረቱ ወደ ቤት ተመለሰ። እኔ እጅ ላይ የቀረው የወንበር እጀታ ሊሆን የሚችል አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ነው። ያን ጊዜ ቀለል አለኝ። ለምን እንደቀለለኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ በሥራዬም ነገሮች የሚደርሱኝ ልክ እንዲህ ተፈታትተው ነው። አንዱ ዳታቤዙን ይሠራል፣ አንዱ ክፍያውን ያገናኛል፣ እኔ ገጹን አሳምራለሁ። ሙሉው ነገር ማንም እጅ ላይ አይገኝም። ማንም ከባድ ነገር የተሸከመ አይመስለውም።

ሥራውን ለማታውቁት፦ ፕላስቲክ ቀለም አይወድም። ቀለም የሚይዘው ቧጭሮ የሚቆምበት ነገር ሲያገኝ ነው። መጀመሪያ የዓመታቱን ላብና ዘይት በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ አጠብኩ፣ ከዚያ በአልኮል ጠረግኩ። ቲነር አልተጠቀምኩም፤ አንዳንዱን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል። ቀጥሎ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው፤ ዓላማው ለዓይን የማይታይ ጭረት መፍጠር ነው። ከዚያ የፕላስቲክ ፕራይመር፣ ከዚያ ስፕሬይ፣ ስስ ስስ እያደረጉ። የሎጊያ ቀትር ላይ ግን ስፕሬዩ አየር ላይ እያለ ይደርቅና ሰደፉ ላይ እንደ ዱቄት ያርፋል። የመጀመሪያው ሙከራዬ እንደዚያ ሆነና አጥፍቼ እንደገና ጀመርኩ። ሁለት ጎሕ ሳይቀድ ተነስቼ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ጓሮ ውስጥ ጨረስኩት።

ግን ወደ ስፕሬዩ ከመድረሴ በፊት ሁለት ነገሮች ሆኑ።

አንደኛው የሐጂ የልጅ ልጅ ነው። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ሲያየኝ ቆየና ስልኩን አውጥቶ የፐብጂ ስኪን አሳየኝ፤ ቀይ ክላሽ፣ ላዩ ላይ ወርቃማ ዘንዶ የተጠመጠመበት። "እንደዚህ አድርገው!" አለኝ። ጌም የምትጫወቱ ታውቁታላችሁ፤ ስኪን የጠመንጃውን ጉልበት አይጨምርም። ሰው ግን ይገዛዋል። እኔም ሐሳቡን ወደድኩት። ወረቀት ቆርጬ ዘንዶውን ላወጣው እንደምችል እያሰላሁ ነበር። እንዲያውም እጄ በላኝ፤ ከአሸዋ ቀለም ይልቅ ቀዩ ዘንዶ ነው ችሎታዬን የሚያሳየው።

ሐጂ ስልኩን ተቀብለው አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። በአፋርኛ አንድ ነገር ተናግረው ለልጁ መለሱለት። ጓደኛዬ ተረጎመልኝ፦ "ያማረ ነገር ልጅ ያነሳዋል።"

ሁለተኛው ነገር ብርጭቆ ወረቀቱን ይዤ ወደ ሰደፉ ግርጌ ስደርስ ሆነ። እዚያ ሁለት አጫጭር ጭረቶች ነበሩ፤ በስለት የተጫሩ። እንደ ሐበሻ ልጅ የመጣልኝን ታውቃላችሁ፤ የገዳይ ቆጠራ መሰለኝ። ላሸው ስል ሐጂ "ቆይ!" አሉ። ድምፃቸው ከዚያ በፊት እንደዚያ ከፍ ብሎ አልሰማሁትም።

"ይህቺ ግመል ናት" አሉኝ አንደኛዋን እየነኩ። "የጎሳችን ልጅ ሰው ገደለ። ልጁን አይቼው አላውቅም። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀመጡ፣ የደም ካሳው ተወሰነ፣ ለሁላችን ተከፋፈለ። እኔ አንድ ግመል ደረሰኝ። የሰጠሁ ቀን በጊሌ ጫፍ ጫርኳት። ይህቺኛዋም ሌላ ጊዜ እንደዚያው ናት።"

"እርስዎ ግን አልተኮሱም" አልኳቸው።

"ግመሉን ስነዳ 'ተኩሰሃል ወይ?' ብሎ የጠየቀኝ የለም።"

ጭረቶቹ ላይ ወረቀት ፕላስተር ለጥፌ ዙሪያውን ብቻ ቀባሁ።

አሁን ቃል የገባሁላችሁን ልናገር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በስልክ ብድር የሚሰጥ መተግበሪያ ገጽ ሠርቻለሁ። ለማን እንደሠራሁ አልናገርም፤ ነጥቡም እሱ አይደለም። "ተበደር" የሚለው ቁልፍ ትልቅና አረንጓዴ ነበር፤ ጣት የሚጠራ አረንጓዴ። የአገልግሎት ክፍያው ደግሞ ከታች፣ ነጭ ላይ በሣሣ ግራጫ ተጽፏል። ተጽፏል። አልዋሸንም። ግራጫውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ከሦስት ግራጫዎች ውስጥ። የሣሣው ሲሆን ሰው ገጹን ሳይዘገይ ያልፋል፣ ቁጥራችንም ከፍ ይላል።

ከቢሯችን ሥር ቡና የምታፈላ እናት አለች፤ ሁላችንም ማዘር እንላታለን። 5,000 ብር ተበደረች፣ 4,500 እጇ ገባ። 500 ብሩ የት ሄደ ብላ ስልኳን ይዛልኝ መጣች። "አንተ ልጅ፣ ይህን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ አሉ፤ እውነት ነው?" ገጹን ከፍቼ ግራጫውን ጽሑፍ አሳየኋት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አቀረበች፣ አራቀች፣ መልሳ አቀረበች። እኔም "ማዘር፣ እኔ ቀለሙን ብቻ ነው የሠራሁት" አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም። ስኒውን ቀዳችልኝ፤ ከፈልኩ፤ ወጣሁ።

ሎጊያ ላይ ጭረቶቹ ፊት ተንበርክኬ ትዝ ያለኝ ያ ዓረፍተ ነገር ነው።

ይህን መልስ የሰጠሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። "መሣሪያ አይገድልም፣ ሰው ነው የሚገድለው" የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል፤ የኛ ሙያ ቅጂው "ቴክኖሎጂ ገለልተኛ ነው" ይላል። ሚኻይል ካላሽኒኮቭ ራሱ ለረጅም ዓመታት የዚህ ዓይነት መልስ ሰጥቷል። የጀርመን ወራሪ አገሩን ሲወጋ የቆሰለ ወታደር ነበር፤ ጠመንጃውን የሠራሁት አገሬን ለመከላከል ነው፣ ጥፋቱ የፖለቲከኞች ነው ይል ነበር። በሕይወቱ ማብቂያ ላይ ግን ለሩሲያ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው በጋዜጣ የወጣው እሱ ከሞተ በኋላ በጥር 2014 ነው። ጠመንጃዬ የሰው ሕይወት ካጠፋ እኔ ለእነዚያ ሞቶች ተጠያቂ ነኝ ወይ ብሎ ነበር የሚጠይቀው፤ ጠላት የነበሩትንም ቆጥሮ። ከቤተ ክርስቲያኗ በኩል የተሰጠው ማብራሪያ መሣሪያ አገርን ለመከላከል ሲያገለግል ቤተ ክርስቲያን ሠሪውንም ወታደሩንም ትደግፋለች የሚል ነበር።

የሚገርመኝ መልሱ ሳይሆን ጥያቄው ነው። ዘጠና ዓመት ያለፈው ሰው፣ ሽልማት በሽልማት የሆነ ሰው፣ "ጥፋተኛ አይደለህም" የሚለውን ፍርድ ስንት ጊዜ ሰምቶ አላረካውም። ምክንያቱን ከሐጂ ነው የተረዳሁት ብዬ አምናለሁ። እኛ ሁለት ቃላት እናቀላቅላለን፤ ጥፋትና ዕዳ።

ጥፋት የአንድ ሰው ነው። ቃታ የሳበ አለ፣ ያልሳበ አለ። ፍርድ ቤት የሚፈልገው ይህን ነው፤ መፈለጉም ተገቢ ነው። ዕዳ ግን ሌላ ነው። በአፋር ባሕላዊ ሕግ፣ በመደአ፣ ሰው ሲገደል ካሳውን የሚከፍለው ገዳዩ ብቻ አይደለም፤ ጎሳው ያዋጣል። ሐጂ ግመላቸውን ሲሰጡ ገዳይ ነኝ አላሉም። ማንም ገዳይ ነህ አላላቸውም። ባለዕዳ ነበሩ፤ ከፈሉ። እኔ ደግሞ ለማዘር ጥያቄ የመለስኩት የጥፋትን መልስ ነው፤ እሷ የጠየቀችኝ ስለ ዕዳ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ይጠቅመናል ብዬ አስባለሁ። ካሳው ለሁሉም የሚከፋፈል ከሆነ፣ ሁሉም አስቀድሞ ያያል። ግመል እንደሚያስወጣው የሚያውቅ ሽማግሌ የወንድሙ ልጅ ክላሽ አንግቶ ሲደነፋ ዝም አይልም። የአንተ ጠብ የእኔ ግመል ነው። ሐጂ ዘንዶውን ያዩበት ዓይን ይህ ነው፤ ቀዩ ቀለም ልጁን ሲጠራው፣ ልጁ ሲያነሳው፣ ዛፍ ሥር ሲቀመጡ፣ ግመል ሲነዳ አዩ። እኔ ያየሁት ቀለም ነው።

ይህ ሥርዓት ጣጣ የለውም እያልኩ አይደለም። ማታ ይህንኑ ለጓደኛዬ ሳነሳበት ሳቀብኝ። "አንተ ጥሩውን ወስደህ ልትሄድ ነው" አለኝ። "ዕዳው የጎሳው ከሆነ ደሙም የጎሳው ነው። ገዳዩን ያጣ ሰው ሌላ የጎሳውን ሰው ሊፈልግ ይችላል። ምንም ያላደረገ ልጅ በስሙ ይሞታል።" ልክ ነው። "ያባት ዕዳ ለልጅ" የሚለው ተረታችን የፍትሕ ተረት አይደለም። ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፦ ሁሉም ተጠያቂ ነው ሲባል ማንም ተጠያቂ ሳይሆን ይቀራል። ስብሰባ ላይ "እንደ ቡድን ኃላፊነት እንወስዳለን" ሲባል አንድም ሰው ምንም እንዳልወሰደ ስንቶቻችን አይተናል?

ለዚህ ያለኝ መልስ ጭረቷ ናት። ሐጂ የጎሳው ዕዳ አለብኝ ብለው ብቻ አላለፉም፤ የደረሳቸው ድርሻ ታወቀ፣ አንድ ግመል ነው፣ ግመሉ ከራሳቸው በረት ወጣ፣ ዋጋው የሚያዩት ቦታ ላይ ተጻፈ። ቂም ከሌላ ሰው ላይ ይወስዳል፤ ዕዳ ከራስ ላይ ነው የሚሰጠው። የቡድን ኃላፊነት የምንለው ወሬም ከዚህ የሚለየው በዚሁ ነው፤ ወሬው ከማንም በረት ምንም አያስወጣም።

ታዲያ ሰደፉን መቀባት አልነበረብኝም? ነበረብኝ ብዬ አስባለሁ። አንዳንዱ ቀለም ሰውዬው የያዘውን ነገር ለመያዝ እንዲችል ያደርጋል፤ ሌላው ቀለም ያልያዘው ሰው እንዲመኘው ያደርጋል። የአሸዋው ቀለም የሽማግሌ እጅ ከመቃጠል አዳነ፤ አዲስ እጅ አልጠራም። ቀዩ ዘንዶ የሚሠራው ለማን እንደሆነ ስልኩን የያዘው ልጅ ፊት ላይ ተጽፎ ነበር። የእኔ አረንጓዴ ቁልፍ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ግራጫው ደግሞ ከዘንዶውም ይብሳል፤ ዘንዶው ቢያንስ ጠመንጃውን አይደብቅም።

ከሰመራ ብዙ በማይርቅ ቦታ፣ ጎና በሚባል ሥፍራ፣ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ጥናቱን የመራው ኢትዮጵያዊው ስለሺ ሰማው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲታተም በዓለም ከታወቁት ሁሉ የቀደሙት እነሱ ነበሩ። ያ ድንጋይ ሥጋ ይቆርጥ ነበር፤ ቆርጦ ያበላ ነበር። ሌላም ነገር መቁረጥ ይችል ነበር። አንዱ ፈልጦ ለሌላው ሲያቀብል፣ ያቀበለው እጅ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉ አያውቅም። ስለዚህ መሣሪያ አትሥሩ፣ አትቀቡ፣ አታስውቡ የሚል ትምህርት የለኝም። እንዲህ ያለ ትምህርት ቢኖር ከዚህ ሸለቆ አንወጣም ነበር። የምለው፣ ያቀበልክ እጅ ከሆንክ "አቀበልኩ እንጂ አልቆረጥኩም" ብለህ እንዳታቆም ነው። ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው። ግን ገና ያላለቀ ዓረፍተ ነገር ነው።

አዲስ አበባ ስመለስ ግመል አልነበረኝም። ማዘር ጋ ሄጄ ግራጫውን የመረጥኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት፤ 500 ብሩንም ሰጠኋት። መጀመሪያ እምቢ አለች፣ ከዚያ "የቡና ቅድመ ክፍያ ይሁን" ብላ ተቀበለች። ለአንድ ወር ያህል ሳልከፍል ጠጣሁ፤ ተሸወድኩ መሰለኝ። ስብሰባ ላይ ክፍያው ከቁልፉ በላይ፣ በቁልፉ መጠን፣ በጥቁር ይጻፍ አልኩ። ተከራከርን። መጠኑ ከፍ አለ፣ ቀለሙም ጠቆረ፤ ቦታው ግን ከታች ቀረ። ገና እየተከራከርን ነው። ኮዱ ውስጥ ከዚያ የቀለም ቁጥር በላይ አንድ መስመር አስተያየት ጽፌያለሁ፤ "የድሮው ግራጫ 500 ብር አስከፍሏል" ይላል። ኮዱን የሚከፍት ሁሉ ያየዋል።

ከወር በፊት ጓደኛዬ ደውሎ ነበር። በፕላስተሩ ጠርዝ በኩል ቀለሙ መላላጥ ጀምሯል አለኝ። ይጠበቃል፤ እዚያ ጋ በደንብ አላሸሁትም። መጥቼ ላስተካክለው እችላለሁ አልኩት። ሐጂ ከጎኑ ሆነው ሰሙና መልስ ላኩልኝ፦ ና፣ ወተት ጠጣ፤ እሱን ግን ተወው።